ቁጥር ሠላሳ አንድ ይተነፍሳል

ዶኛ ሲክስታ፣ በእኛ አባባል እመት ሲክስታ፣ በሳን ካሊስቶ ተራራ ሥር፣ ከማዕድን ጥራጊ ክምር ላይ የቆርቆሮ ድንጋይ ስትለቅም ሃያ ዓመት ኖራ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ «የመስክ ረዳት» ተባለች። ሹመቱ ሦስት ዓርማ ለብሶ ነው የመጣው፤ አንዱ የከተማው ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለቱ የባሕር ማዶ ደጋፊዎች። ከሦስቱ ዓርማዎች አንዱም አያስልም።

ሰኞ ማለዳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ትቆማለች። ሠራተኞቹ ተሰልፈው ሸሚዛቸውን ይከፍታሉ፤ እሷ ጥቃቅን ሴንሰሮች የተሰፉበትን ሰደርያ ታለብሳቸዋለች። ሰደርያው ቀኑን ሙሉ የሳንባቸውን ድምፅ ይቀዳል፤ ከጉድጓድ ሲወጡ በስልክ ኔትዎርክ ወደ ኮምፒውተሯ ይልካል። ከሰዓት በኋላ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ሳሉን ከመሰርሰሪያው ጩኸት ስትለቅም ትውላለች። ሳንባ ለማድመጥ ገንዘብ ተገኝቷል፤ አቧራውን ከምንጩ የሚያረጥብ የውሃ ቧንቧ ግን «ከጥናቱ ዓላማ ውጭ» ነው። ርኅራኄም የበጀት ዘመን አላት፤ ሦስት ዓመት ሲሞላት ሒሳቧን ዘግታ ትሄዳለች።

በጥናቱ መዝገብ ቁጥር ሠላሳ አንድ ሴልሶ ነበር። ሁለት ዓመት አዳመጠችው። ትንፋሽ ሲስብ ግራ ጎኑ ሥር፣ እሳት ላይ እንደወደቀ ጨው ይንጣጣል። ይህን ድምፅ ከሴንሰር አልተማረችውም። ባሏ ሲያጣጥር ጆሮዋን ጀርባው ላይ ለጥፋ ሰምታዋለች፤ ያኔ ደግሞ ደጋፊ አልነበራትም።

ሴልሶ በሰኔ ብርድ ሞተ። ሰደርያውን መረከብ የሲክስታ ግዴታ ነበር። ግን ሬሳ ከወጣበት ቤት ገብቶ «የጥናቱን ልብስ መልሱልኝ» የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ተወችው።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ቁጥር ሠላሳ አንድ ተነፈሰ።

ማዳመጫውን ወርውራ አማተበች። ቆይታ መልሳ አደረገችው። የጋሪ ጎማ፣ የመሰርሰሪያ ጩኸት፣ የሰው ሳቅ፤ ከሁሉም ሥር ያው ጨው። ያውም ግራ ጎን። በማግስቱም ተነፈሰ። መቃብሩ ድረስ ሄዳ አየች፤ አፈሩ እንደተደለደለ ነው። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ኡርኪዲ ዘንድ ደወለች።

«የቴክኒክ ስህተት ነው፤ ቁጥሩን ዝጊው» አላት።

«ይተነፍሳል እኮ፣ ዶክተር!»

«ሞቷል ብለሽ ሞልተሻል አይደል? ከሞተ በኋላ የሚተነፍስ ሰው ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።»

ወደ ሴልሶ ሚስት ወደ ቴዮፊላ ሄደች። «ያ ሰደርያ የት ደረሰ?»

«ታጥቧላ! በስምንተኛው ቀን ወንዝ ወርደን የሟቹን ልብስ ሁሉ አጠብን። አሮጌውን አቃጠልን፤ ደህና ደህናውን ለዘመድ አደልን። ደንቡ ነው። ምነው፣ ፈልገውት ነበር? ይጠብብዎታል እኮ!»

«ለማን ሰጣችሁት?»

«ለወንድሙ ለኤልመር። ከሁሉም አዲሱ እሱ ነበር፤ ይሞቃልም። ላዩ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት እንዳትጠፋበት በስልኩ ገመድ ኤሌክትሪክ ይሞላታል። የወንድሙ ነፍስ ያለችባት መስሎታል፣ ምስኪን።»

ሴንሰሩ ውሃ አያስገባም ይል ነበር ብሮሹሩ። ከጻፈው ሁሉ እውነት ሆኖ የተገኘው ይህ ብቻ ነው።

ሙት ስላልተነሣ ሲክስታ እፎይ ማለት በተገባት ነበር። ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ኤልመር ሃያ አራት ዓመቱ ነው። አራት ዓመት ጋሪ ገፍቷል። በማዕድን ቆፋሪዎቹ ማኅበር ደንብ የሟች ቦታ ለወንድም ስለሚተላለፍ፣ በመጪው ሰኞ የሴልሶን መሰርሰሪያ ይረከባል፤ አቧራው በማንኪያ የሚበላው ደግሞ እዚያ ነው። ጨዉ ከአሁኑ ጀምሮታል። ለተሳታፊ ውጤት ላትናገር ፈርማለች። ኤልመር ግን ተሳታፊ አይደለም፤ የሙት ልብስ የለበሰ ሰው ነው። ወረቀቱን ያረቀቁት ሊቃውንት ወንዝ ወርደው ልብስ አጥበው አያውቁም።

ቅዳሜ አስጠራችው። ጉንጩን እንደ ጫት በሚታኘከው የኮካ ቅጠል ወጥሮ እየሳቀ መጣ።

«ሰደርያዬን ሊነጥቁኝ ነው፣ ዶኛ ሲክስታ? በሉ ያውልቁኛ፣ ጉልበት ካለዎት!»

«ዝም በል አንተ ባለጌ! ተቀመጥ።» ገመዱን ሰደርያው ላይ ሰክታ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋችለት። «ስማ።»

ሰማ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ሴልሶ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መጨረሻ ላይ አንድ አልጋ ነበር የምንተኛው። ትንፋሹ ይኸው ነው። አልሄደም ማለት ነው፣ ዶኛ! ሰኞ ብቻዬን አልገባም!»

ይህን ደስታውን ይዞ ቢሄድ ሲክስታን ማን ይከሳታል? ዓርማዎቹ?

«ትንፋሽህን ያዝ» አለችው።

«ለምን?»

«ያዝ አልኩህ!»

ያዘ። ጨዉ ቆመ። ዓይኑን እሷ ላይ ተክሎ ታገለ፤ ሃያ እንኳ ሳይቆጠር አመለጠው። ጨዉ ተመለሰ። እንደገና ያዘ፤ ቆመ። ለቀቀ፤ ተመለሰ። ሦስተኛ አልሞከረም። ማዳመጫውን በሁለት እጁ ቀስ ብሎ አወለቀ።

«ወንድሜን ሁለተኛ ገደሉብኝ» አላት።

«እሱስ አንዴ ነው የሞተ። አንተ እንዳትደግመው ነው።»

«ሴልሶ እንዲህ መንጣጣት ከጀመረ በኋላ ስንት ጊዜ ቆየ?»

«እኔ ከሰማሁት ወዲህ ሁለት ዓመት።»

«ከዚህ ተራራ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።»

«እኔስ ድንጋይ እንጂ ምን አውቅ ነበር? ይኸው የሙታን ጸሐፊ ሆንኩ። ቆላ ውረድና ብርቱካን ልቀም።»

ሰደርያውን አውልቆ ጉልበቷ ላይ ጣለው። ሳይሰናበታት ወጣ።

ሰኞ ማለዳ የፈረቃው አለቃ ጉድጓዱ አፍ ላይ «ኤልመር!» ብሎ ሦስቴ ተጣራ። ኤልመር እሑድ በአውቶቡስ ቆላ መውረዱን ሲክስታ ከቴዮፊላ ሰምታለች፤ ግን ትንፍሽ አላለችም።

«ፈሪ!» ብሎ አለቃው ስሙን ሰረዘና ቀጣዩን ጠራ።

«አቤት!» አለ አንድ ወጠምሻ፣ ዕድል ሰተት ብላ የገባችለት። መሰርሰሪያውን ተረክቦ ወደ ሲክስታ ዞረ፤ ሸሚዙንም ከፈተላት። ደረቱ እንደ በር ሰፊ ነው። ሰደርያውን አለበሰችው።

«ይቀዘቅዛል እኮ፣ ዶኛ!» እያለ ከት ብሎ ሳቀ፤ ወደ ጨለማውም ገባ።

ከሰዓት በኋላ ማዳመጫውን አንሥታ ረጅም ጊዜ በእጇ ይዛው ቆየች።