የርችት ኬላ

ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ነቀምት ገብቼ በራሴ ዓይን አንብቤ ከጨረስኳቸው የመጀመሪያ ወረቀቶች አንዱ የቀበሌው ማስታወቂያ ነበር፦ «ርችት መሸጥም መተኮስም በሕግ ያስቀጣል።» ወረቀቱ የተለጠፈው ርችት የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ነው። ባለሱቁን «አንብበኸዋል?» አልኩት። «ኦቦ፣ እኔ እኮ ግድግዳውን ብቻ ነው ያዋስኳቸው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ከጊዳ አያና የወጣነው ተኩስ እየሰማን ነው። እንደኛ ያለ ሰው ርችት ሲፈነዳ በዓል ትዝ አይለውም፤ ልጁን አንስቶ ይሮጣል። የኬላ ጥበቃም ሰው ነው። ርችት ይሁን ጥይት ሳይለይ የሚተኩስበት ቀን እንደሚመጣ አውቅ ነበር።

በቀበሌ ስብሰባ ይህንኑ ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ «ሕጉ አለ፤ የሚያስፈጽም ሰው የሚቀጠርበት በጀት ነው የሌለው» አለ። እንግዲያው እናዋጣ አልኩ። አዳራሹ አጉረመረመ። አንዲት ባልቴት ከኋላ፣ «ለመንገድ አዋጣን፣ ለመብራት አዋጣን፣ አሁን ደግሞ ለዝምታ?» አሉ።

«አዎ እማማ፣ ለዝምታ» አልኳቸው።

ቤት ለቤት ዞሬ ለመንኩ። ተሰደብኩ። በመጨረሻ ሱቅ የሚያስሱ፣ ወደ ዲጋ በሚያወጣው ኬላም መኪና የሚፈትሹ ሁለት ወጣቶች ተቀጠሩ። ጠመንጃቸው የቀበሌ፣ ደመወዛቸው የኛ።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ልጄን ዳርኩ። ሙሽራው የዲጋ ልጅ ነው።

ድሮ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ጠመንጃ ይተኮስ ነበር። ጠመንጃው ሲከለከል ርችት ተተካ። የሙሽራው ታላቅ ወንድም አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ግቢዬ ውስጥ ቀማሁት።

«እንደሰረቅናት ዝም ብለን እንውጣ?» አለኝ።

«እልል በሉ። አፍ የላችሁም?»

የሙሽራ አባት አጀቡን አይከተልም፤ ነውር ነው። እኔ ግን የሰውየው ፊት አላማረኝም። ፊተኛው መኪና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ እስከ ኬላው ሄድኩና ወረድኩ። ወጣቶቹ መኪናውን ሁሉ ፈተሹ፤ የሰው ኪስ ግን አልፈተሹም። ሙሽራ አጃቢ ነው፣ አፈሩ። ገመዱ ወረደ። የሱ መኪና አለፈ፤ ልጄ ያለችበት፣ አበባ የታሰረበት መኪና ተከተለ።

እዚህ አገር ኬላ ማለፍ ራሱ በዓል ነው። ገመዱን የተሻገረ ሰው የፈራውን ሁሉ ከኋላው የጣለ ይመስለዋል። ያ ሰውዬም ገመዱን እንዳለፈ ከኮቱ ኪስ ርችት አወጣና በመስኮት ለኮሰው።

ጧ። ጧ ጧ።

ወጣቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። ዞሩና አስፋልቱ ላይ በደረታቸው ተኝተው አነጣጠሩ። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ መሐል ገብቼ እጄን ዘርግቻለሁ። «ሂንዱካሲና! አትተኩሱ፣ ርችት ነው!»

ያን ጊዜ የሰማሁት ዝምታ ያዋጣሁለት ዝምታ አልነበረም።

ሰውየውን አወረዱት። አንደኛው ወጣት፣ «ኦቦ፣ ያስቀጠሩን እርስዎ ነዎት። ምን እናድርገው?» አለኝ።

ልጄ አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ «አባኮ፣ ዛሬን ብቻ» አለች።

«ያዙት» አልኩ።

ሙሽራው ወንድሜን ጥዬ አልሄድም ብሎ ወረደ። ሰርጉ ኬላ ላይ ቆመ። እድምተኛው ዲጋ ምግብ ፊት ተቀምጦ ይጠብቃል፣ እዚህ ቬሎው አቧራ ይጠጣል። ሽማግሌዎች በባጃጅ እየበረሩ መጡ። «በሰርግ ቀን ሰው ይታሰራል?» አሉኝ። «ካጠፋ ይታሰራል» አልኳቸው። ዋስ ሁን ቢሉኝም እምቢ አልኩ። ፖሊስ ጣቢያ ተቀጥቶ ሲለቀቅ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ልጄ ሳትሰናበተኝ ሄደች።

መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ ወጣቱ መጣ።

«ኦቦ፣ ምላጩን ስቤው ነበር። ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ማን ላይ?»

«አበባው ላይ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ይህን ለስብሰባው ብናገር መዋጮ የሚከለክል አይኖርም። ግን ወሬው ዲጋ ይደርሳል፤ ልጄ ደግሞ ሊያስገድላት ከነበረው ከዚያ ሰውዬ ጋር አንድ ግቢ ነው የምትኖረው። ስለዚህ ዘንድሮም ቤት ለቤት እየዞርኩ እለምናለሁ፣ እሰደባለሁ። እሷም ሰርጌን አባቴ አበላሸው ትላለች። ትበል።