«የማን ልጅ ነህ?» የማይባልበት ፊልም

ሥራዬ የሰው ሙሉ ስም መጻፍ ነው። ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። «ሙሉ ስም ከነአያት» እላለሁ፤ ደንበኛው ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አብሬው መሆን ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ የተቃረበውን ሰው የአባት ስም ግን አላውቅም ነበር። ረስቼው አይደለም፤ ተስማምተንበት ነው።

የተገናኘነው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ በስልኩ ፊልም እያየ ብቻውን ይስቃል። የሰው ስልክ ላይ ዓይኔን መትከል ደግሞ የእኔ አመል ነው። ሲያየኝ አልተቆጣም፤ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ነቅሎ ሰጠኝ። የፈረንጅ ፊልም ነው። ሴትና ወንድ ተገናኝተው «ፍቅር የለም፣ ጥያቄ የለም፣ ደስ እስካለን ብቻ» ይባባላሉ፤ ከዚያ ሁለቱም እየተደባበቁ መዋደድ ይጀምራሉ። ሴትዮዋ በመስኮት ላምልጥ ስትል ቀሚሷ ተይዞ የተንጠለጠለችው እኛ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ነው። እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ከፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ ዞረው ገላመጡን።

ለምን እንደወደድኩት አውቃለሁ። በዚያ ፊልም ውስጥ ማንም ማንንም «የማን ልጅ ነህ?» አይልም። እናት የለችም፣ አክስት የለችም፣ ጎረቤት የለም። እኛ ዘንድ ሰላምታው ሳያልቅ የሚመጣው ጥያቄ እሱ ነው። ሠላሳ ልሞላ ጥቂት ለቀረኝ ለእኔማ «ምነው እስካሁን?» የሚል ይከተለዋል። አንገፍግፎኝ ነበር። ስለዚህ በሳምንቱ ሲደውልልኝ፣ በቀልድ ጀምረን፣ እንደ ፊልሙ እንሁን ተባባልን። ቤተሰብ አይነሳም። ሽማግሌ መላክ የሚባል ነገር አይነሳም። የእሱ ስም ደግሞ ወሎ ውስጥ እንደሞላው፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም የማይለይ ስም ነው፤ እሱንም አልጠየቅሁም።

እሑድ እሱ የሚሠራበት ፋብሪካ እረፍት ነውና፣ ለእናቴ ኮርስ አለኝ እያልኩ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ሽሮ ይሠራልኛል፣ ሁልጊዜ ያሳርረዋል፣ ሁልጊዜ ምድጃውን ይወቅሳል። ያንኑ ፊልም ደጋግመን አየነው። ቤት ስመለስም ብቻዬን ከፍቼው እስቃለሁ። እናቴ ከማድ ቤት ትጮሃለች። «ወላሂ ይቺ ልጅ አብዳለች! ምንድን ነው እሱ?»

«የሚያስቅ ፊልም ነው፣ እማ።»

ክረምት ሲገባ እንደወደድኩት ገባኝ። ልነግረው አፌ ድረስ እየመጣ ስንቴ ዋጥኩት። ውሉን ያፈረስኩ ቀን የሚሄድ መስሎኝ ፈራሁ። ፊልሙ ላይ እንዲህ ዓይነቱ ፍርሃት ያስቃል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ደወለልኝ። ሐሙስ ቀናችን አልነበረም፤ ደንበኛም ይዤ ስለነበር አላነሳሁትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ በዚያው ቁጥር ሲደወል የሰማሁት የነርስ ድምፅ ነው። ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ተገልብጧል፤ የስልኩ ባለቤት መጨረሻ የደወለው ለእኔ ነው። ለምን ወደ ደሴ ይመጣ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሆስፒታል ስደርስ ራሱን አያውቅም። ካርድ አውጪ ተባልኩ። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ስሙን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«የአባት ስም?»

«አላውቀውም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «የአባቱን ስም የማታውቂ፣ አንቺ ምኑ ነሽ?»

የአባት ስም እኔ በቀን ሃምሳ ጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ ነው። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ። ሰውየው የአባት ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ትቶ ካርዱን ገፋልኝ።

የፋብሪካ ጓደኞቹ ደውለውላቸው ከሰዓት በኋላ አባቱ ከኩታበር ደረሱ። ገበሬ ናቸው፤ ጋቢያቸውን እንኳ በወጉ አልለበሱም። ካርዱን ለማስሞላት መስኮቱ ድረስ ወሰድኳቸው፤ የራሳቸውንና የአባታቸውን ስም ተናገሩ። ሙሉ ስሙን የሰማሁት እዚያ፣ ከኋላቸው ቆሜ ነው።

ከዚያ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን ተቀመጥን። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ስትንከራተቺለት ዋልሽ አሉኝ። የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። እስከ አያቴ ነገርኳቸው። አያቴን ከገበያ ያውቋቸው ኖሯል፤ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ።

«ለእሱስ ምኑ ነሽ?»

ከክረምት ጀምሮ የዋጥኩት ነገር እንደገና አፌ ድረስ መጣ። ልጅዎን እወደዋለሁ ማለት ነበረብኝ። እሱ አይሰማም፤ ቢያንስ እሳቸው ይሰሙ ነበር።

«አብረን ተሳፍረን ነው የምንተዋወቀው፣ አባባ» አልኳቸው።

ከተገለበጠው መኪና የተረፍኩ መሰላቸው። እጄን ይዘው፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩ። «እሰይ! እንኳን አንቺን አተረፈሽ። ለእናትሽ እንኳን አተረፈሽ» አሉና እጄን ሳሙ። አላረምኳቸውም። ራሴን እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኩት በዚህ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈ። ሬሳውን ወደ ኩታበር ሲጭኑ ከጓደኞቹ ኋላ ቆሜ አየሁ። ኩታበር ሩቅ አይደለም። ልቅሶ ቤት ስገባ ግን «ምኑ ናት?» መባሌ አይቀርም፤ ለአባቱ የሰጠሁትን መልስ ደግሜ ልሰጥ አልቻልኩም። ቀረሁ።

ቤት ገብቼ ጓዳ ተቀመጥኩ። ልቅሶዬ እንዳይሰማ ብዬ የስልኬን ድምፅ ከፍ አድርጌ ፊልሙን ከፈትኩ። አልደበቀኝም። እናቴ ሊጥ የነካ እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«ያረቢ! ምን ሆነሽ ነው? ሰው ሞተ?»

«ፊልም ነው፣ እማ።»

ስልኩን አየት አደረገች፤ ሴትዮዋ በመስኮቱ ላይ ተንጠልጥላለች። «ያ የሚያስቀው አይደል እንዴ?»

«አዎ» አልኳት።