ወንዝ ውስጥ የገባችው ሾላ በር

ንጋት 12 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ውስጥ የኮምፒዩተር ሳጥን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። በአንድ ማተሚያ ቤት ገጽ የማቀናብር ሰው ነኝ። ከሸዋ ሮቢት በሲዲ የተላከልን የመስኖ ካርታ በካርታ ፕሮግራሙ ሲከፈት ያምራል፤ እኔ ወደምሠራበት ፕሮግራም ሳዛውረው ግን የመንደሮቹ ስም ባዶ አራት ማዕዘን ይሆናል። ሲቸግረኝ ስሞቹን ራሴ ጽፌ ናሙና አተምኩ። ገበሬዎቹ የውሃ ተራቸውን የሚይዙት በዚህ ካርታ ነውና አለቃዬ አላመነኝም። ሳጥኑን አሸክሞ ወደ ሸዋ ሮቢት ላከኝ።

4 ሰዓት ተኩል፣ ጣርማ በር

ጉሙ መንገዱን ውጦታል። አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ በላይነሽ የሳጥኑን የአየር ቀዳዳዎች ሲያዩ ቆይተው፣ ጫጩቶቹ እንዳይታፈኑ ብለው መስኮቱን ከፈቱልኝ። ኮምፒዩተር መሆኑን ስነግራቸው ቅር ብሏቸው ዘጉት። ከጣርማ በር የመኪና ዋሻ ወጥተን ወደ ቆላው ቁልቁለቱን ስንያያዘው ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቋል።

7 ሰዓት፣ ሸዋ ሮቢት

ካርታውን የሠራችው ባለሙያ ትዕግስት ትባላለች። ቢሮዋ ውስጥ ገበሬዎቹ የወከሏቸው ጋሼ ደጀኔ ይጠብቁኛል። ናሙናውን ተቀብለው ሾላ በርን፣ መንደራቸውን፣ ፈለጉ። አገኙና ናሙናውን ወደ እኔ አዞሩት።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኛ እኮ የምንኖረው ደረቅ መሬት ላይ ነው።»

መንደሯ ወንዙ መሃል ናት። ካርታው የሚመጣው በንብርብር ነው፣ ወንዙ ለብቻ መንደሮቹ ለብቻ፤ ለገጹ እንዲበቃ ሳሳንሰው የወንዙ ንብርብር ተቆልፎ ኖሮ፣ መንደሮቹ ሲያንሱ ወንዙ እንዳለ ቀርቷል። አፈርኩ።

ትዕግስት ስክሪኗን አዋሰችኝና አብረን ሞከርን። በሦስተኛው ሙከራ ፊደሎቹን እዚያው ካርታ ፕሮግራሙ ውስጥ ወደ ስዕል ለወጠቻቸው። እኔ ዘንድ ሲከፈት ስሙም ወንዙም ቦታው ላይ ነው። ተጨባበጥን።

ጋሼ ደጀኔ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሾላ በራ ይላል። መንደራችንን ራሰ በራ አደረጋችኋት?»

የትዕግስት የጽሕፈት ስህተት ነው። ፊደሉ ስዕል ሆኗልና ጽፎ ማረም አይቻልም። ከካርታው ጠርዝ፣ «ወደ ጣርማ በር» ከሚለው ላይ፣ «ር»ን ቀድቼ ለጠፍኩ። ጋሼ የጣርማ በር ሰዎች እንዳይቀየሙ ሰጉ፤ ቅጂ መሆኑን አስረዳኋቸው።

10 ሰዓት

አዲሱን ናሙና አተምን። ጋሼ ደጀኔ ቦዩን ከወንዙ ጀምረው በጣታቸው ተከተሉት፤ አንድ ማሳ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። የጎረቤታቸው የአያሌው ማሳ ነው። ውሃው መጀመሪያ የሚደርሰው ለማን እንደሆነ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ዓመታት እንዳለፉ ትዕግስት ቀድማ አጫውታኛለች። ቦዩ አያሌው ማሳ ደርሶ ነው ወደ እሳቸው የሚታጠፈው።

ስህተት አለው ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እስክሪብቶ ጠይቀው ናሙናው ላይ ፈረሙ።

«ትክክል ነው፣» አሉ። «ለአያሌው ግን እናንተ እንዳትነግሩት። እኔው ሄጄ እነግረዋለሁ።»

ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። በመስኮት ሳያቸው ባጃጅ አስቁመው ነበር፤ ከዚያ ሐሳባቸውን ቀይረው ባጃጁን አሰናበቱና ቀስ ብለው በእግራቸው ሄዱ።