ድልድዩ ላይ ያየሁት ሰው

ልጅ ሳለሁ፣ ከቀበና ወንዝ በላይ ዳገቱ ላይ በተከራየናት ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ማታ ማታ ተረት የሚነግሩን የእናቴ አጎት አባባ ላሬቦ ነበሩ። ለዓይናቸው ሕክምና ከሆሳዕና መጥተው እኛ ዘንድ ከርመዋል። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ የከሰሉ ፍም ላይ እጃቸውን እያሞቁ፣ በኩራዙ ጭስ ውስጥ ፊታቸው አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ ሲያወሩ ታናሽ ወንድሜ ናቲ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እኔ ግን እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ። ከሁሉ የምፈራው ወጥመድ እግሩን ስለሰበረው ጅብ የሚያወሩትን ነበር። ጅቡ ሰው መስሎ፣ ካፖርት ደርቦ፣ እያነከሰ ሰፈር ይገባና ብቻውን ያገኘውን ሕፃን እጁን ይዞ ድልድይ ያሻግረዋል።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ገበያ ስትወጣ «ከወንድምሽ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ» ብላኝ ሄደች። ከጓደኞቼ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ስጫወት ቆይቼ ቀና ስል ናቲ የለም። ያኔ ገና አራት ዓመቱ ነበር።

እናቴ ስትመለስ ሰፈሩ ተሰብስቧል። ትከሻዬን ይዛ «ማን መጣ? ማንን አየሽ?» አለችኝ። ማንንም አላየሁም። «አስታውሺ እንጂ» አለች። አንዲት ጎረቤታችን ጎንበስ ብላ «ወንድ ነው ሴት?» ስትለኝ «ወንድ» አልኩ።

«ምን ለብሷል?»

«ካፖርት።»

«ወዴት ሄዱ?»

«ወደ ድልድዩ።»

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ «ያነክሳል» አልኩ። ስናገር እየዋሸሁ አልመሰለኝም፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰውየው ከነካፖርቱ፣ ናቲም ከነቀይ ሹራቡ ፊቴ ድቅን አሉ።

በሰፈራችን የሚያነክስ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የእንጨት መሸጫው ዘበኛ ጋሽ ደበላ። በፊተኛው ጦር ወታደር ሆነው እግራቸውን የተመቱ፣ ዘመድ የሌላቸው ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ጎረምሶቹ ከዘበኛ ቤታቸው ጎትተው አወጧቸው። የካፖርታቸው እጅጌ ተቀደደ፤ አንዱ በጥፊ መታቸው። ጋሽ ደበላ ከሰዉ መሃል በዓይናቸው ፈልገው አገኙኝ።

«ልጄ፣ እኔን ነው ያየሽኝ?»

«አዎ» አልኩ።

«እስቲ በደንብ እዪኝ።»

በደንብ አየኋቸው። «እሳቸው ናቸው» አልኩ።

ድንጋይ ያነሳ እጅ ትዝ ይለኛል። አባባ ላሬቦ መንገዱን በዱላቸው እየዳሰሱ ደርሰው ከጋሽ ደበላ ፊት ቆሙ። «መጀመሪያ ልጁ ይፈለግ» አሉ። «በሕፃን አፍ ሰው አይገደልም።» እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ጌታን ትለምናለች። ጎረምሶቹ አልተበተኑም፤ ሽማግሌውም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች አንዷ ናቲን የቀሚሷን ጫፍ አስይዛ መጣች። አህዮች ተከትሎ ዳገቱን ወጥቶ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ብቻውን ሲያለቅስ ነው ያገኘችው።

እናቴ የጋሽ ደበላ እግር ላይ ወደቀች። እሳቸው አነሷትና «ልጅቷን እንዳትመቷት» ብቻ ብለው ገቡ። በሳምንቱ ሥራቸውን ትተው ከሰፈሩ ወጡ፤ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ አላገኘሁም።

በዚያው ምሽት አባባ ላሬቦ ፍሙ አጠገብ አስቀመጡኝ። «ያየሽውን ነው የተናገርሽው ወይስ እኔ ያወራሁትን?» አሉኝ። «አላውቅም» አልኩ፤ እውነቴን ነበር። ወደ ሆሳዕና እስኪመለሱ ድረስ ሌላ ተረት አልነገሩንም።

ናቲ ዛሬ የልጆች አባት ነው። በቅርቡ ልጆቹን መንገድ ዳር እንዳይጫወቱ ሲያስጠነቅቅ «እኔን በእናንተ ዕድሜ አንድ አንካሳ ሰውዬ ሊወስደኝ ነበር» ሲላቸው ሰማሁ።

«ናቲ፣ ማንም አልወሰደህም» አልኩት። «አህያ ተከትለህ ነው። ሰውየውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ሳቀብኝ። «እጁ ሻካራ ነበር እኮ፤ አሁንም ይሰማኛል። አንቺ ረስተሽው ነው።»

ለልጆቹ የጋሽ ደበላን ስም ነገርኳቸው፤ ምንም እንዳላደረጉም ጭምር። ትልቋ በጥሞና ሰማችኝና «ታዲያ አባቢ እንዴት ያስታውሳቸዋል?» አለች። እኔም ብሆን ዛሬ ያንን ቅዳሜ ሳስብ ናቲ ከአህዮቹ ኋላ ሲሄድ አይታየኝም፤ የሚታየኝ ጋሽ ደበላ እጁን ይዘውት ድልድዩን ሲሻገሩ ነው።