የሶፋው ተራራ

ሰፈርተኛው ሠዓሊውን «ባለተራራው» ይለዋል። እሱን ግን ተራራ የሚባል ነገር እጅ እጅ ካለው ቆይቷል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሣለው ተራራ ነው፤ ያውም አንዱኑ። አስር ሸራ ግድግዳው ላይ ይደረድርና ባንድ ብሩሽ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ይለቀልቃል። ተመልሶ ተራራውን፣ ደግሞ ተመልሶ ጫፉ ላይ በረዶ፣ ከሥሩ ሐይቅ፣ ሐይቁ ዳር ጣሪያዋ የቀላ ቤት። ሥዕሉን የሚወስደው የቤት ዕቃ ነጋዴ የሚሸጠው ከሶፋ ጋር ነውና፣ ሶፋው ቡናማ ከሆነ ሰማዩም ቡናማ ይሁን ይለዋል። ሠዓሊው እሺ ይላል። ከሁሉ የሚያስጠላው ይኸው እሺታው ነው።

ከገጠር ሲመጣ በልቡ ይዞት የመጣው ከእናቱ ደጃፍ የሚታየውን ተራራ ነበር፤ ግራ ትከሻው የወረደ፣ በረዶም ሐይቅም የማያውቅ ድንጋያም። በረዶውን ነጋዴው አስጨመረ፤ ሐይቁን አንዲት ደንበኛ። ጣሪያውን ማን እንዳመጣው እንጃ።

ዘንድሮ እናቱ ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ ወደ ቤቱ አመጣት። ያ ተራራ ለጠጠር ተፈጭቶ አልቋል። እሷም አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ብርሃኗ ጨርሶ ሳይጠፋ ተራራዋን እንዲያሳያት። የተደረደሩትን አስሩን ተጠግታ አየችና የማን አገር እንደሆነ ጠየቀችው።

ሳምንቱን ሙሉ እየጠየቃት አዲስ ሸራ ላይ ሣለ። እጁ ግን አልታዘዝ አለው፤ ዝቅ ያደረገውን ትከሻ መልሶ ያቀናዋል። ጫፉን ባዶ ሊተወው ምሎ ነበር። ነጋዴው ደውሎለት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲያወራ፣ ቀኝ እጁ በረዶውን አስቀምጦት አገኘው። ሐይቁንም፣ ቤቷንም፣ ቡናማ ሰማዩንም ጨርሶታል። የገዛ እጁን ተጸየፈው። ነገ አስተካክለዋለሁ ብሎ ከአስሩ ጋር ደረደረው።

በማግስቱ ነጋዴው መጣ። ያዘዘው አስር መሆኑን ተናግሮ ትርፉን እንዲያነሳ ጠየቀው። ሠዓሊው የእናቱን ሊያወርድ ከዳር ጀመረ፣ መሃል ደረሰ፣ ወደ ዳር ተመለሰ። የቱ እንደሆነ ጠፋው።

እናቱ በሩን ተደግፋ ትጠብቃለች።

እጁ የገባውን አወረደና፣ «ይኸውልሽ እማዬ» አላት።

ሸራውን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ብዙ አየችው።

«ቆንጆ ነው ልጄ» አለችው፣ እየመለሰችለት። «ለሰውየው ስጠው።»

ነጋዴው አንድ ቡናማ ሶፋ ተርፎት ነበርና አስራ አንደኛውንም ጭኖ ሄደ።