የመናኸሪያው ኮርኒስ

የጭሮ መናኸሪያ የተሳፋሪዎች አዳራሽ በጠራራ ፀሐይ ይጨልማል። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ንዴቴም ቶሎ የሚበርድ አይደለም።

አዳራሹ መጀመሪያ ሲሠራ መብራቱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ኤሌክትሪክ ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ የተቃጠለ ዲናሞ እየጠቀለልኩ፣ ኮረንቲ እየያዘኝ ራሴን አስተማርኩ። ከቦርደዴ እስከ ቦኬ እኔ ገመድ ያልሳብኩበት ሱቅ ካለ ትናንት የተከፈተ ነው። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በእኔ እጅ ነው የበሩት። እንዲህ ስናገር ጉረኛ ይሉኛል። ይበሉ።

ከሁሉም የምኮራበት ግን አምፖል የሌለበት ሥራዬ ነው። ያኔ አሠሪዎቹን፣ «እዚህ አገር መብራት ይጠፋል፣ ፀሐይ ግን ጠፍታ አታውቅም» ብዬ ሞገትኳቸውና ከብረት ቆርቆሮው መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ አስገባሁ። እንዳገኘሁም አላስገባሁት። አንዱ ከቲኬት መቁረጫው በላይ፣ ሌሎቹ ከአግዳሚ ወንበሮቹ በላይ፣ አንዱ ደግሞ ጥግ ላይ። ብርሃኑ ሰው ዓይን ውስጥ ሳይሆን ሰው እጅ ላይ እንዲወድቅ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት።

በዚያ ጥግ አንዲት ሴት የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ትሠራለች። የሻንጣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የተበጠሰ ማንገቻ ትሰፋለች። ደንበኛዋ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል እየሮጠ የሚመጣ ተጓዥ ነው። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ጥግ ነው። ዓይኗ እንደ ድሮው ስላልሆነ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ የምታየው በፀሐይ ብርሃን ብቻ ነው።

አዳራሹ ይስፋፋ ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው እኩያዬ ነው፤ አብረን ያደግን የጫት ነጋዴ። ስብሰባው በሽማግሌ ምርቃት ይከፈት ብለው እኔን አስነሱኝ። «ይህ ቤት ብርሃን አይጣ!» አልኩ። «አሜን!» አሉ፣ ሰብሳቢው ከሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«ይኸው፣ ኤርፖርት ሄጄ ያነሳሁት ነው። የኛም ልክ እንደዚህ ይሁን።»

ፎቶው ላይ ነጭ ኮርኒስ አለ፤ ኮርኒሱ ውስጥ ክብ ክብ መብራቶች ተቀብረዋል። አዲሱም አሮጌውም አዳራሽ በዚህ ኮርኒስ ይሸፈናል ማለት ነው።

«የእኔ ቆርቆሮስ?» አልኩ።

«ከላይ ይቀመጣል፤ ማን ነካው?»

ሁሉም ሳቁ። ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰው፣ ኤርፖርቱን አይተኸዋል ወይስ ጣሪያውን ብቻ ነው ያየኸው? እኔም ልጄን ልቀበል ሄጄ፣ ዘበኛው እስኪጠረጥረኝ ድረስ አንጋጥጬ አይቻለሁ። ግድግዳው ሙሉ መስታወት ነው! ቀን ቀን የሚያበራው ፀሐይ ነው። የናንተ ግድግዳ ብሎኬት!»

«አቦ ተወን» አለ ሰብሳቢው። «ዘመኑ ተቀይሯል። ዛሬ ፀሐይ ራሷ በሶላር ነው የምትሠራው።»

ስንወጣ፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣው ወጣት መሐንዲስ ተከተለኝ። «አባባ፣ ልክ ነዎት። ከቆርቆሮዎቹ ሥር ኮርኒሱን ክፍት መተው ይቻላል። ሥዕሉን ሠርቼ አሳይቻቸው ነበር፤ የተቀደደ ያስመስለዋል አሉኝ።»

«ታዲያ አሁን ሲስቁብኝ አፍህን ማን ያዘው?»

አንገቱን ደፋ። ያወቀው ነገር ለእኔም ለእሱም አልጠቀመም።

በሕይወቴ ማንንም ለምኜ አላውቅም፤ ሰብሳቢው ሱቅ ሄጄ ለመንኩ። «አንዱን ብቻ፣ የሴትዮዋን ጥግ ብቻ ክፍት ተዉልኝ።»

«መብራት እኮ ነው የምንጨምርላት፤ አላጠፋንባትም!» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ኮርኒሱ ተመታ። በምረቃው ቀን መርቅ ሲሉኝ እንቢ አልኩ፤ ሌላ ሽማግሌ ፈለጉ። መብራቶቹ ሁሉም በሩ። ሰው አፉን ከፍቶ ያንጋጥጣል። ልብስ ሰፊዋ ራሷ፣ «ወላሂ አባኮ፣ ያምራል!» አለችኝ። አባኮ ማለት በኦሮምኛ አባቴ ማለት ነው። ከሰብሳቢው ይልቅ እሷ አናደደችኝ።

ሥራ ስትጀምር ግን ገባት። መብራቱ ከአናቷ በላይ ስለሆነ ጎንበስ ስትል የራሷ ጥላ መርፌውን ይሸፍነዋል። ሲጠፋማ አይጣል ነው። አንድ ቀን እኔም ባለሁበት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ «ኢብሳን ባዴ!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ መብራት ጠፋ ማለቱ ነው። ጄኔሬተሩ ለቢሮው ብቻ ነው። ውጭ ፀሐይዋ አስፋልት ታቀልጣለች፣ ውስጥ ሰው በስልክ መብራት ወንበር ይፈልጋል። ልብስ ሰፊዋ እጅ ላይ የቦኬ ተሳፋሪ ሻንጣ ነበር። ዚፑን አጣማ ሰፋችው። አውቶቡሱ ጡሩምባ ሲነፋ ሰውየው ሻንጣውን መንጭቆ፣ «ካላየሽ ለምን ትቀበያለሽ!» ብሏት ሮጠ።

የስፌት መኪናዋን እየጎተተች በሩ ጋ አወጣችው። ብርሃን ያለው እዚያ ብቻ ነው። ጥበቃው መጣ፤ «መግቢያ ነው፣ ሰብሳቢው አይቻልም ብሏል።»

ወደ ቤቷ ልትጭነው ባጃጅ ስትጠራ ደረስኩ። «እኔ ቤት በረንዳ ላይ አድርጊው፤ ጣሪያውን ቀድጄ ብርሃን አስገባልሻለሁ» አልኳት።

በንዴቷ መሃል ሳቀች። «አባኮ፣ አንተ ቤት አውቶቡስ ይቆማል?»

እውነቷን ነው። ባጃጁን አሰናበትኩ። ከሻይ ቤቱ ወንበር ተዋስኩና በሩ ላይ፣ ከመኪናዋ ጎን፣ ከዘራዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ጥበቃው እጁን አፍተለተለ። «አባባ፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው።»

«አንሳኝ» አልኩት።

ግራ ቀኙን አየ። እዚህ ከተማ ሽማግሌን ብብቱን ይዞ የሚያነሳ ገና አልተወለደም። ሄዶ ሰብሳቢውን ጠራው።

«ሰው ፊት ታዋርደኛለህ?» አለ ሰብሳቢው።

«ኮርኒሱን ክፈት፣ እነሳለሁ።»

አልከፈተም፤ አልተነሳሁም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እመጣለሁ። ተሳፋሪው እኔን ዞሮ ይገባል፤ የሚያጉረመርም ካለ ወደ ጣሪያው እጠቁመዋለሁ። እሷም ትሰፋለች። ይህንንም የምጽፈው እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

«አባኮ» አለችኝ አሁን፣ ቀና ሳትል፣ «ጥላህ ክሩ ላይ ወድቋል። ፈቀቅ በል።»

ስለ ብርሃን እኔን ማስተማሯ ነው። ፈቀቅ አልኩላት። ከበሩ ግን አልነሳም።