በገልባጩ ቀኝ በኩል

ጻፊው ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። የልጅ ልጆቼ እሁድ ከቸርች በኋላ ለምሳ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ፤ እኔ ደግሞ ሰፈሩን ዞሬ ከሁሉ ኋላ ነው የምደርሰው። በሩ ተዘግቶ ከቆየኝ አላንኳኳም። ውጭ ቆሜ እጣራለሁ፤ ካልሰሙኝ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ሰው እስኪወጣ እጠብቃለሁ። ባለፈው እንዲሁ ተቀምጬ ዝናብ ደበደበኝ። ከልጆቹ ትልቋ ቆሻሻ ልትደፋ ስትወጣ አየችኝ።

"እማዬ! ምን ሆነሽ ነው? እጅ የለሽም እንዴ?"

"አለኝ።"

"ታዲያ አታንኳኪም?"

ትንሹ ከውስጥ ሆኖ፣ "ሰላይ ናት፤ ምን እንደምናማት እየሰማች ነው" አለና ሁሉንም አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ። ትልቋ ግን ፎጣ አምጥታ ራሴን እያደረቀች፣ "ንገሪን፤ ይሄ ነገር ዛሬ አልጀመረም" አለችኝ። ባፌ አይወጣልኝም አልኳት። "እንግዲያው ጻፊው" አለችና ደብተርና እስክሪብቶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች። ትንሹ ሰሞኑን ሳይክል ግዙልኝ እያለ ነው፤ እንደዚያ ባይል ኖሮ እሺ አልልም ነበር።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ ቸርች ውስጥ ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ነገሬ ቢጣመም ታገሡኝ፤ እግሬም እንዲሁ ነው፣ በቀጥታ መንገድ ሄዶ አያውቅም።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። ሰርቪስ ቤቷን የተከራየችን አንዲት ልጅ ነበረች። ታች ሆስፒታሉ አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ትሠራለች። እናቷ ሩቅ አገር ናት፤ እኔን እማማ ትለኛለች፣ ምን ዓይነት ክኒን እንደምውጥ ከልጆቼ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። የጠዋት የታክሲ ሰልፍ ሲያማርራት ጊዜ ሳይክል ገዛች። አሮጌ ነው፤ አረንጓዴ ቀለሙ ተላልጧል፤ ደወሉ ብቻ አዲስ ነበር። ከግቢ ስትወጣ ቅጭል ታደርገዋለች። ለእኔ ደህና ዋሉ ማለቷ ነው።

እኔ መቼም ዟሪ ነኝ። ዳገቱን እስከ እጽዋት ማዕከሉ አጥር፣ ቁልቁለቱን እስከ ጳውሎስ፣ ሥራ ኖሮኝ ሳይሆን ቤት መቀመጥ ስለማይሆንልኝ እዞራለሁ። የወይራ ምርኩዝ አለችኝ፤ በድንጋይ ብዛት ስታልቅብኝ ልጄ ጫፏን ብረት አልብሶልኛል። እና ስዞር ልጅቷን መንገድ ላይ አያታለሁ። መኪናው ተደርድሮ ቆሟል፣ በግራ በኩል ታክሲዎቹ ይጋፋሉ፤ እሷ በቀኝ፣ በመኪናዎቹና በእግረኛው መንገድ ጠርዝ መካከል፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ክፍተት ሾልካ ትወርዳለች።

"አንቺ ልጅ፣ ወረፋ አትጠብቂም?" ስላት፣

"እማማ፣ ወረፋ ለመኪና ነው። እኔ ውሃ ነኝ" አለችኝ።

ደስ ብሎኝ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁላት። የእኛ ልጅ ውሃ ናት፣ የእኛ ልጅ ውሃ ናት እያልኩ። ተይ ማለት ሲገባኝ አጨበጨብኩላት። ይህን ሳልናዘዝ ወደ ሌላው ብሄድ ደስ አይለኝም።

ክረምቱ እንደወጣ፣ አንድ ጠዋት ነው። እኔ ቁልቁለቱ ላይ ካለው ጎሚስታ ደጃፍ፣ ጠርዙ ላይ ቆሜአለሁ። ሰውየው ጎማ እንደሚጠግን ለማሳየት አሮጌ ጎማዎች ደራርቦ አስፋልቱ ዳር ያቆማል። አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ከላይ ወረደና፣ ፎቅ ወደሚሠራበት ጠባብ ቅያስ በቀኝ በኩል ሊገባ ቆመ።

እንዲህ ያለ ረጅም መኪና ዝም ብሎ አይታጠፍም። ጠባብ ቦታ ሲገባ መጀመሪያ ወደ ግራ ይለጠጣል፤ አፍንጫውን መሃል መንገድ ያወጣና ከዚያ ነው ወደ ቀኝ የሚጠቀለለው። በቀኙ ሰፊ ቦታ የተወ ይመስላል። አልተወውም። የኋላ ጎማዎቹ ይፈልጉታል። ይህን እኔም ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ፍሬቻው ቢበራም ጭቃ ለብሶ ስለነበር አይታይም። ረዳቱ ወርዶ በግራ በኩል፣ ከኋላ የሚመጡትን ታክሲዎች በሁለት እጁ እያስቆመ ነበር። ልጅ አይደለም፤ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ትልቅ ሰው ነው።

ደወሏን ሰማሁ። ከዳገቱ እየወረደች ነው። የተለጠጠውን መኪና፣ በቀኙ የተከፈተውንም ቦታ አየች፤ የተለቀቀላት መሰላት መሰለኝ። ገባች። የኋላውን ጎማ አለፈች፣ ሆዱን አለፈች፣ ጋቢናው በር ሥር ስትደርስ የጎሚስታው የጎማ ክምር ፊቷ ቆመ። አንድ እግሯን ጠርዙ ላይ አድርጋ ቆም አለች። ራሷ ከመስኮቱ በታች ነው። እኔ ከቆምኩበት ሆኜ የመኪናውን ስፖኪዮ አየሁት፤ ውስጡ ሰማይ ብቻ ነበር።

"ቁም! ሰው አለ!" ብዬ ጮህኩ። ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። ሁለት እርምጃ ሄድኩና ምርኩዜን አንሥቼ የጭነቱን ብረት መታሁት። ደግሜ መታሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ስሰነዝር ብረቱ ከምርኩዜ ሸሸ። መኪናው ተነሥቶ ነበር።

ቀሪውን አላበዛውም። ሳይክል ሲጨፈለቅ ድምፁ ትንሽ ነው፤ ከዚያ ግዙፍ መኪና ሥር ከቆርቆሮ ጣሳ አይበልጥም። ደወሉ ማንም ሳይነካው አንዴ ቅጭል አለ። ያን ጊዜ ነው ሰዉ ሁሉ ዞሮ ያየው።

አልሞተችም። በላዳ ይዘናት ስንሄድ ራሷ ጭኔ ላይ ነበር። ፊቷ ወረቀት መስሎ፣ "እማማ፣ እርስዎ ነዎት የመቱልኝ? ሰማሁት'ኮ። ምን ይሆን ብዬ ወደ ኋላ ፈገግ አልኩ" አለችኝ። ፈገግ ማለት በእሷ አገር ፈቀቅ ማለት መሆኑን አውቃለሁ። ግራ እግሯን ከጉልበት በታች አጣች። ባትፈቀቅ ሁለመናዋ ነበር የሚሄደው፤ ሐኪሞቹም እንደዚያ አሉ። "ያዳነችኝ የእርስዎ ምርኩዝ ናት" ትለኝ ጀመር። እኔም አምኜ ነበር።

ትራፊክ ፖሊሱ ሲመጣ እኔ ሆስፒታል ነኝ፤ ማንም አልጠየቀኝ። የሆነውን የነገረኝ ጎሚስታው ነው። ሾፌሩ፣ "ረዳቴ መታልኝ፤ ስለዚህ ነዳሁ። በቀኝ በር ሥር ያለ ሰው እኔ ከየት አየዋለሁ?" አለ። ረዳቱ፣ "አልመታሁም። እጄ ታክሲ እያስቆመ ነበር" አለ።

"ታዲያ ማን መታው? መልአክ?" አለ ሾፌሩ።

"እንጃ። እኔ ግን አልመታሁም።"

ጎሚስታው ይህን እየነገረኝ፣ "ዋሾ ነው፤ እኔ ራሴ ሲመታ ሰምቻለሁ" አለ። እኔም ዋሾ ነው አልኩ። የእኔ ምት እንዲቆም ነው፤ ሂድ ብሎ የመታ ሌላ እጅ አለ ብዬ ነበር የማስበው። ሁለቱ አንድ ይሆናሉ ብሎ ልቤ አልነገረኝም።

በሦስተኛው ቀን ረዳቱ ሆስፒታል መጣ። ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ኮሪደሩ ላይ ቆመ።

"እማማ፣ ልጅቷ እንዴት ዋለች?"

"እግር የላትም" አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እማማ፣ እኔ አልመታሁም። በልጆቼ እምላለሁ" አለ።

"አትማል" አልኩት። "የመታ እጅ ራሱን ያውቃል።"

ሁለት እጆቹን ወደ ፊቱ አነሣና መዳፎቹን አገላብጦ አያቸው። እውነት መርሳቱን የሚመረምር ይመስል ነበር። ብርቱካኑን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ሄደ። አልበላነውም።

ከዚያ ወዲያ በረዳትነት የሚይዘው ሾፌር አጣ አሉ። የሰው ዓይን የሆነ ሰው ዋሸ ከተባለ ማን ያምነዋል? አንድ ቀን እዚያው ዳገት ላይ ሲሚንቶ ተሸክሞ አየሁት። ሸክሙ ሥር ሆኖ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝ። መንገድ ተሻግሬ ሄድኩ።

ልጅቷ እናቷ ዘንድ ተመለሰች። በየገናውና በየፋሲካው ትደውላለች፤ አግብታለች፣ ወልዳለች። "ምርኩዝዎ ደህና ናት?" ትለኛለች እየሳቀች። ሳይክሉ ግን ግቢያችን ቀረ። እንደተጣመመ ግድግዳ አስደግፈነው ነበር። የፊት ጎማው ተርፎ ነበርና ነፋስ ሲነሣ ቀስ ብሎ ይዞራል። ቆራሌው በመጣ ቁጥር ልጄ እንስጠው ይለኛል፤ እኔ እምቢ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ከሰዓት፣ ማንም በሌለበት፣ ደወሉን የሰማሁ መስሎኝ በሩን ከፍቼ ወጥቻለሁ። መንገዱ ላይ ሰው የለም።

ዛሬም እዞራለሁ፤ አሁን ግን ሰው ፍለጋ ነው። ፎቅ በሚሠራበት ሁሉ ቆሜ የሚሸከሙትን ፊት አያለሁ። ገብስማው አሁን ነጭ ሆኖ ይሆናል። ጎሚስታውም ቦታ ለቋል፤ የሚያውቀው አላገኘሁም። ለልጅቷ ደግሞ ምንም አልነገርኳትም፤ ስልኳ ሲጠራ ምርኩዜን ከዓይኔ ዘወር አደርጋታለሁ። ትንሹ ልጄ፣ አንተ ሳይክሉን ትገዛ እንደሆነ እናትህ ትወስን፤ ከትልቅ መኪና በቀኝ በኩል ግን አትግባ። ባዶ ቢመስልህም አትግባ። ቆመህ ጠብቅ፣ ይለፍ።

ከዚያ ግቢ የወጣነው ከዓመታት በኋላ፣ መንገዱ ሲሰፋ ነው። ዕቃችንን በጭነት መኪና ጫንን፤ ሳይክሉም ከፍራሾቹ ላይ ተጋድሞ ነበር። እኔን ስላረጀሁ ጋቢና አስቀመጡኝ። ሾፌሩ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው። ሞተሩን አስነሥቶ መሪውን ይዞ ሳይነዳ ቆየ።

"ምን እንጠብቃለን ልጄ?"

"ረዳቴን።"

ከኋላችን ብረቱ ተመታ። ደግሞ ተመታ። ሾፌሩ ወደ ቀኝ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ነዳው።

"ማን ነው የመታው?" አልኩት።

"ረዳቴ ነዋ፤ ሌላ ማን ይመታል?" ብሎ ሳቀ። "በቀኝ በኩል ለእኔ ጨለማ ነው እማማ፤ በእሱ ነው የማየው። አንዴ ከመታ፣ ቁም። ሁለቴ ከመታ፣ ማንም የለም፣ ሂድ።"